ኪሎ ሳይቀሽቡ መነገድ፦ የሱቅ ሚዛን አፈታተሽና አያያዝ

አንድ ቤተሰብ በወር 25 ኪሎ ጤፍ ይገዛል እንበል። ከእያንዳንዱ ኪሎ 50 ግራም ቢጎድል፣ በወሩ መጨረሻ 1 ኪሎ ከ250 ግራም ጤፍ ተከፍሎበት ቤት ሳይገባ ቀርቷል ማለት ነው። የቤቱ እመቤት ጉድለቱን በዓይኗ አታየውም። የምታየው ዱቄቱ ከወትሮው ቀድሞ ማለቁን ነው፤ ብዙ ጊዜም «ምን አድርጌው ነው?» ብላ ራሷን ትጠረጥራለች። ቅሸባን ከሌላው ማጭበርበር ሁሉ ክፉ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ የተበደለው ሰው መበደሉን እንኳ አያውቅም።

ጉድለት ሁሉ ግን ከተንኮል አይመጣም። ተዳፋት ላይ የተቀመጠ ሚዛን፣ ከሳህኑ ሥር የተጋገረ ዱቄት፣ ያልተቀነሰ የጆንያ ክብደት፣ የላላ ስፕሪንግ፣ እነዚህ ሁሉ ቅን ነጋዴን አባይ ሚዛን ያዥ ያደርጉታል። ከዚህ በታች ያለው ለባለ ሱቅ፣ ለእህል ቸርቻሪ፣ ለሥጋ ቤት፣ ለወፍጮ ቤትና ለጉሊት የሚሆን ነው።

በመጀመሪያ ዋጋውን በትክክል ያስሉ

ከሚዛኑ በፊት ዋጋ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅሸባ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተሳሳተ የዋጋ ስሌት ነው። አንድ ኩንታል በ12,000 ብር ገዝተው ለማጓጓዣና ለወዛደር 200 ብር ከፈሉ እንበል (ዋጋው ለምሳሌ ብቻ ነው)። 12,200ን ለ100 አካፍለው «ኪሎው 122 ብር ወጣብኝ» ይላሉ። በ130 ሲሸጡ በኪሎ 8 ብር ያተርፋሉ ማለት ነው፤ በወረቀት ላይ።

ነገር ግን ከኩንታሉ 100 ኪሎ አይሸጥም። ማዳበሪያው ራሱ 150 ግራም ያህል ይመዝናል። ሲቆነን የሚፈስ አለ፣ የሚደርቅ አለ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ላይ ሚዛኑ እንዲደፋ የሚጨመር 5 ግራም አለ፤ ይህ ብቻውን በ100 ኪሎ ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ተሸጦ የሚገኘው 98.5 ኪሎ ቢሆን እውነተኛው ወጪ 12,200 ለ98.5 ሲካፈል 123 ብር ከ86 ሳንቲም ነው። ስምንት የመሰለው ትርፍ ስድስት ብር ከጥቂት ሳንቲም ሆኖ ይገኛል። ነጋዴው «ኪሎ ጎደለብኝ» ብሎ እጁን ወደ ሚዛኑ የሚሰደው እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው ዋጋውን 132 ብር ብሎ በግልጽ መለጠፍ ነው። ገዢው 132 አይቶ ከጎረቤት ሱቅ ጋር ሊያወዳድር፣ ሊከራከር፣ ትቶ ሊሄድ ይችላል። 15 ግራም ሲቀነስበት ግን ምንም ምርጫ የለውም። ለእያንዳንዱ ሸቀጥ ሦስት ኩንታል ያህል ሲሸጡ ምን ያህል እንደወጣ መዝግበው የራስዎን የጉድለት ልክ ያውጡ። የስኳር፣ የጤፍና የዛላ በርበሬ ጉድለት አንድ አይደለም፤ በግምት አንድ ቁጥር ለሁሉም አይስጡ።

የጠዋት ፍተሻ

ሚዛኑ በርቶ ከሚቆይበት አሥር ደቂቃ ውጭ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይወስድም። የሚያስፈልገው አንድ ባለ 1 ኪሎና አንድ ባለ 5 ኪሎ መመዘኛ ብረት ነው፤ በሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ወይም በሌላ ሕጋዊ ፈታሽ ልኩ የተረጋገጠ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ብረት ለሽያጭ አይጠቀሙበት፤ በጨርቅ ጠቅልለው ለፍተሻ ብቻ ያስቀምጡት። ከወደቀ፣ ከዛገ ወይም ቀለም ከተቀባ ልኩ ይለወጣል።

ዲጂታል ሚዛን ከሆነ መጀመሪያ ውሃ ልኩን ይመልከቱ። አብዛኞቹ ላይ ከእግሩ አጠገብ ትንሽ ክብ ብርጭቆ አለች፤ በውስጧ ያለው አረፋ መካከል ላይ እስኪቆም ድረስ እግሮቹን እያሽከረከሩ ያስተካክሉ። ቀጥሎ ሳህኑን አንሥተው ሥሩን ይጥረጉ። ዱቄትና ስኳር እርጥበት ሲነካቸው እንደ ጭቃ ይጋገራሉ፤ ሳህኑ ዝቅ እንዳይል ስለሚደግፉት ሚዛኑ አንዴ ያሳንሳል፣ አንዴ ተጣብቆ አልመለስ ይላል። ከዚያ አብርተው አሥር ደቂቃ ያህል ይተዉት፤ ዜሮ ላይ መቆሙን ካዩ በኋላ ባለ 1 ኪሎውን መካከል ላይ ያስቀምጡ። ንባቡን ይጻፉ። ያንኑ ብረት በአራቱ ማዕዘን በየተራ ያስቀምጡ። አነስተኛው ንባቡ (ቁጥሩ የሚዘልበት ትንሹ እርምጃ) 5 ግራም የሆነ ሚዛን በማዕዘኖቹ መካከል ከ5 ግራም በላይ ልዩነት ካሳየ የተጎዳ ነገር አለው፤ ምናልባት ከባድ ጆንያ ተወርውሮበት ይሆናል። በመጨረሻ ባለ 5 ኪሎው ይቀመጥ፤ አንድ ኪሎ ላይ የማይታይ ስሕተት አምስት ኪሎ ላይ ይታያል።

አንድ ደብተር ይያዙ፦ ቀን፣ የ1 ኪሎ ንባብ፣ የ5 ኪሎ ንባብ፣ የፈተሸው ሰው ፊርማ። ይህ ደብተር በኋላ እንደምናየው ስሕተት ሲገኝ የት ድረስ ወደ ኋላ እንደሚኬድ የሚነግርዎት ብቸኛ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ልኩ እውነተኛ 1 ኪሎ የሆነው ብረት ሲቀመጥ ሚዛኑ 1,010 ካነበበ የሚጎዳው ገዢው ነው፤ ሚዛኑ ኪሎ ሳይሞላ «ሞልቷል» እያለ ነውና። 990 ካነበበ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት። «ሚዛኔ የሚያበዛ ስለሆነ ለደንበኛ ይጠቅማል» የሚለው አነጋገር የተገለበጠ ነው፤ ቁጥር የሚያበዛ ሚዛን ሸቀጥ ያሳንሳል።

ከውጭ የመጣ ሚዛን ለምን እዚህ ይሳሳታል?

ይህ ብዙ ጊዜ የማይነገር ነው። ዲጂታል ሚዛንና ባለ ስፕሪንግ ሚዛን የሚለኩት ዕቃው ወደ ታች የሚጫንበትን ኃይል ነው። ያ ኃይል በምድር ስበት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ስበት ደግሞ ከቦታ ቦታ በጥቂቱ ይለያያል፤ ወደ ምድር ወገብ ሲቀርቡም ሆነ ከፍታ ሲወጡ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ሁለቱም አለባት፦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፣ ከባሕር ጠለል በላይም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። በዚህ ምክንያት እዚህ ያለው ስበት ከመደበኛው በ0.3 በመቶ ያህል ያንሳል። በመደበኛው ስበት ተስተካክሎ ከካርቶኑ የወጣ ሚዛን እዚህ እንደገና ካልተስተካከለ እውነተኛውን ኪሎ 997 ግራም ገደማ አድርጎ ያነበዋል። በአንድ ኪሎ ኢምንት ነው፤ በኩንታል ግን 300 ግራም ይሆናል፤ የሚከስረውም ነጋዴው ነው። አዲስ ሚዛን ሲገዙ ሻጩ በሱቅዎ፣ በተረጋገጠ ብረት፣ በፊትዎ እንዲያስተካክለው ይጠይቁ። በብረት የሚመዘነው ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ግን ይህ አይነካውም፤ ስበቱ ሁለቱንም ወገን እኩል ይጫናልና።

መመዘኛ ብረት የሌለው ሰው በውሃ መፈተሽ ይችላል፤ 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው ማለት ይቻላል። ባዶውን ዕቃ መዝነው፣ ዜሮ አድርገው፣ በልኬት ዕቃ የተለካ ውሃ ይጨምሩ። የታሸገ ሃይላንድ ግን ለዚህ አይበቃም፤ የጠርሙሱ ክብደት አለ፣ አሞላሉም አንድ ዓይነት አይደለም። በውሃ የሚገኘው 20 እና 30 ግራም የሚደርስ ትልቅ ስሕተት እንጂ ትንሹ አይደለም።

ባለ ሁለት ሳህንና ባለ ቀስት ሚዛን

ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ባዶውን እኩል መቆሙ አይበቃም። አንዱ ክንድ ከሌላው በጥቂቱ ቢረዝምም ባዶውን እኩል ሊቆም ይችላል፣ ሲጫን ግን ያዳላል። ለማወቅ ኪሎውን በግራ፣ ስኳሩን በቀኝ አድርገው ያመጣጥኑ፤ ከዚያ ያለ ምንም ለውጥ ቦታቸውን ያቀያይሩ። እኩል ካልቆመ ክንዱ የተሳሳተ ነው።

እስኪጠገን ድረስ ግን በዚያው ሚዛን ትክክል መመዘን ይቻላል። ኪሎ ብረቱን በቀኝ ሳህን ያስቀምጡ፤ በግራው ላይ አሸዋ ወይም ጠጠር እየጨመሩ እኩል ያቁሙት። አሁን ብረቱን ያንሡና በዚያው በቀኝ ሳህን ላይ ሸቀጡን ይጨምሩ፤ እኩል ሲቆም ልክ አንድ ኪሎ ነው። ብረቱና ሸቀጡ በአንድ ሳህን ላይ ስለተመዘኑ የክንዱ ስሕተት አይገባበትም። አድካሚ ነው፣ ግን እውነተኛ ነው።

የብረቱን ሥር ገልብጠው ይመልከቱ። በብዙዎቹ ሥር ልክ ማስተካከያ እርሳስ የተሞላበት ቀዳዳ አለ። እርሳሱ ወልቆ ቀዳዳው ባዶ ከሆነ ብረቱ ቀሏል፤ ላዩ ላይ «1 ኪሎ» ተብሎ መቀረጹ አያድነውም።

ባለ ቀስት ሚዛን ላይ ዋናው ችግር አተያይ ነው። ቀስቱና ቁጥሩ የተጻፈበት ገጽ መካከል ክፍተት ስላለ ከጎን የሚያይ ሰው ሌላ ቁጥር ያነባል። ሻጩ ከፊት፣ ገዢዋ ከጎን ከቆሙ ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ይጣላሉ። ሚዛኑን ገጹ ወደ ገዢው እንዲዞር አድርገው ያስቀምጡ፤ እርስዎ ይጎንበሱ። ሌሊቱን ዕቃ ጭነውበት አይደሩ፤ ስፕሪንጉ ይረዝምና ወደ ዜሮ አልመለስ ይላል።

የመያዣው ክብደት

የስስ ፌስታል ክብደት ጥቂት ግራም ነው። ወፍራም ካኪ ወረቀት፣ ጀሪካን፣ የቃጫ ጆንያ ግን ብዙ ይመዝናሉ፤ የቃጫ ጆንያ እስከ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ደንቡ አጭር ነው፦ ባዶው መያዣ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ መቀነሻው ቁልፍ ይጫናል፣ ንባቡ ዜሮ ሲሆን ሸቀጡ ይጨመራል። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው ቁልፉ ተጭኖ መያዣው ሲነሣ ነው፤ ንባቡ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ቀጣዩ ደንበኛ ያለ መያዣ ሲመዘንለት በዚያው ልክ ይበዛለታል። አንድ ደንበኛ በሄደ ቁጥር ባዶ ሳህኑን ዜሮ ላይ ማየት ልማድ ይሁን።

ማር፣ ቅቤና ዘይት ላይ ሊትርና ኪሎ አይደባለቁ። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት 920 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ሊትር ማር ደግሞ ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ «5 ኪሎ ማር» ብሎ የገዛ ነጋዴ 7 ኪሎ ወስዷል፤ የከሰረው ንብ አናቢው ነው። መለያው ላይ በየትኛው እንደሚሸጥ ይጻፉ፤ ሲገዙም ሲሸጡም በአንዱ ይጽኑ። ከገበሬ በሊትር ገዝቶ ለከተሜ በኪሎ መሸጥ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ልዩነቱን የማያውቅ ሰው ላይ ማድረግ ግን ነውር ነው።

ቅመም በትልቅ ሚዛን አይመዘንም። አነስተኛው ንባቡ 10 ግራም የሆነ ሚዛን 50 ግራም ኮረሪማ ሲመዝን ስሕተቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 5 ግራም ሊሆን ይችላል፤ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ለሚዛን የሚሰጠው የታችኛው ወሰን የአነስተኛው ንባብ 20 እጥፍ ነው፦ 5 ግራም ለሚያነብ 100 ግራም፣ 10 ግራም ለሚያነብ 200 ግራም። ከዚያ በታች ለሚሸጥ ሸቀጥ 1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን ይግዙ።

በጣሳና በመደብ

ጉሊት ላይ ሚዛን የለም፤ ሽያጩ በጣሳና በመደብ ነው። በዚህም ቢሆን ልክ አለ። ጣሳው ያልተጨራመተ፣ ታችኛው ያልታጠፈ ይሁን። ጎረቤት ሱቅ ሄደው በዚያ ጣሳ የተሰፈረውን ሽሮ ሦስት ጊዜ ያስመዝኑ፤ ሦስቱ ካልተቀራረቡ ጥፋቱ የጣሳው ሳይሆን የአሰፋፈሩ ነው። ከላይ በእፍኝ የተበተነ ዱቄት አየር ይይዛል፤ ቀድቶ ሁለቴ መታ መታ የተደረገ ደግሞ ይጠቀጠቃል። የትኛውንም ይምረጡ፣ ለሁሉም ደንበኛ ያው ይሁን። በእንጨት አፉን ልክ አድርጎ መጥረግ ከተከመረ ጣሳ ይሻላል፤ ክምር እንደ እጁ ይለያያል፣ እንደ ፊቱም ያዳላል።

ምራቂ ጥሩ ባህል ነው። ግን ምራቂ የሚሆነው ልኩ ከሞላ በኋላ ነው። 900 ግራም ሽንኩርት መዝኖ ሁለት ራስ «ምርቃት» መወርወር የገዢዋን የገዛ ሽንኩርት ለገዢዋ መስጠት ነው፤ ያውም ምስጋና ተቀብሎበት። ንባቡ ቆሞ፣ ገዢዋ አይታው፣ ከዚያ ይጨመር።

ሠራተኛና ጉድለት

ባለቤቱ ራሱ ሳይቀሽብ ሠራተኛውን ወደ ቅሸባ የሚገፋበት መንገድ አለ፦ «100 ኪሎ ሰጥቼሃለሁ፣ የ100 ኪሎ ሂሳብ አምጣ።» የሚፈሰውንና የሚደርቀውን ከደመወዙ የሚከፍል ልጅ ከየኪሎው 15 ግራም ማስቀረቱን በፍጥነት ይማራል።

የሚደርቀው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። 14 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኪሎ እህል 86 ኪሎ ደረቅ ነገርና 14 ኪሎ ውሃ ነው። በጋ ሲገባ እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ ከወረደ፣ 86 ኪሎው የጠቅላላው 89 በመቶ ይሆናል፤ ጠቅላላው 96.6 ኪሎ ማለት ነው። 3.4 ኪሎ ጠፋ፤ አንድም ፍሬ ግን አልተሰረቀም። ክረምት ላይ በተቃራኒው ዛላ በርበሬና ከሰል እርጥበት ስበው ይከብዳሉ፤ ያን ጊዜ «ትርፍ» የመሰለው ውሃ ነው። ሆን ብሎ ውሃ መርጨት ግን ሌላ ነገር ነው። በርበሬውን ያሻግተዋል፣ ሻጋታውም ለጤና አደገኛ መርዝ ያፈራል።

ስለዚህ ሸቀጥ ሲገባ ሠራተኛው ባለበት ይመዘን፣ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ በሸቀጡ ዓይነት የተፈቀደ ጉድለት አስቀድሞ ይጻፍ። ከደመወዝ መቁረጥን በሚመለከት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ገደብ አለው፦ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር አይቆረጥም፤ ተቆርጦም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶ አይበልጥም።

ስሕተት ሲገኝ

አንድ ጠዋት ብረቱን ሲያስቀምጡ 1,020 ቢያነብ ምን ያደርጋሉ? መጀመሪያ ሚዛኑን ከሽያጭ ያወጡታል። ራስዎ ፈትተው አይነካኩት፤ የሚዛኑ ማሸጊያ ማኅተም ከተቀደደ ስሕተቱን እርስዎ እንዳልሠሩት የሚያስረዳልዎት የለም። ባለሙያ ካስተካከለው በኋላም በብረት ሳይፈተሽ አይመዘንበት።

ከዚያ የፍተሻ ደብተሩን ይግለጡ። መጨረሻ ትክክል የነበረበት ቀን ከትናንት በስቲያ ከሆነ ዕዳዎ የሁለት ቀን ነው። ደብተር ከሌለ ግን መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ የለም፤ በዚህ ጊዜ ለራስዎ ሳይሆን ለደንበኛው የሚያደላ ቀን ይያዙ።

የዱቤ ደንበኞች ስምና መጠን መዝገብ ላይ አለ። ለእያንዳንዱ ኪሎ 20 ግራም እያሰቡ ይመልሱ፦ 25 ኪሎ ለወሰደች 500 ግራም፣ 10 ኪሎ ለወሰደ 200 ግራም። ከሚቀጥለው ሒሳብ ላይ በዝምታ ከመቀነስ ይልቅ ነግረው ይስጡ፤ «ሚዛኔ ተሳስቶ ነበር፣ ይሄ የእርስዎ ነው» ማለት ይበቃል። በእጅ በእጅ ከፍለው ለሄዱት ደግሞ ቀኑንና የሸቀጡን ዓይነት ጽፈው ባንኮኒው ላይ ይለጥፉ፤ የጠየቀ ሁሉ ያለ ክርክር ይሰጠው። አንዳንዱ ሳይገዛ ሊጠይቅ ይችላል። በኪሎ 20 ግራም ነው፤ ይስጡት። ወረቀቱ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አይነሣ፤ በወር አንዴ ብቻ የሚመጣ ደንበኛ ካለዎት እስከ ወሩ ድረስ ይቆይ።